እትዬ፣ ሽበት ነው እንጂ ጉስቁልና አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የጋሼ ስኳርስ እንዴት ሆነለት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ብርድ ሲመጣ ጉልበቴ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ አንዳች የለብኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ወድጄ አይደለም። ባለፈው በቪዲዮ ስንገናኝ ሰላም እንኳ ሳትዪኝ «አፈር ልብላ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተጎሳቆልሽው?» አልሽ። ስልኩን ለጋሼ ሰጠሽው። ጋሼ ለጎረቤት አቀበለው። ጎረቤቷ ደግሞ አይታኝ ከንፈሯን መጠጠች። ይባስ ብሎ ኔትወርኩ ቆረጠን። በማግስቱ ሙሽራዋ ልጅሽ «እማዬ ስታለቅስ አደረች» ብላ ጻፈችልኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሰው በእህቱ ሽበት ያለቅሳል? ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ፣ በስልክ ያልጨረስነውን በወረቀት ልጨርሰው።

ምን እንዳሰብሽ ይገባኛል። ከውጭ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚመዘነው በመልኩ ነው። ከወፈረ ተመችቶታል፣ ከከሳ ተሰቃይቷል። የሸበተች ሴት ከሆነች ደግሞ «አሜሪካ በላቻት» ትባላለች። እዚህ ያለነው ሴቶችም ይሄን ስለምናውቅ፣ አገር ቤት ለመሄድ ሳምንት ሲቀረን ፀጉር ቤት እንሰለፋለን። እኔም ስመጣ እንደዚያ ነበርኩ። ሻንጣ ከማስመዘኔ በፊት ቀለሙ ማለቅ ነበረበት። ቦሌ የሚቀበለን ሰው ጥቁር ፀጉር አይቶ «አላረጀሽም!» ይላል፣ እኛም ደስ ይለናል። በሰው አልፈርድም።

ታዲያ እንዴት ተውኩት? በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ ሜሪላንድ ውስጥ ፀጉር ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። እኔ ግን አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። በዚያ ሰሞን የምናየው ስለፀጉር የሚያሳስብ አልነበረም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በጋው ሲያልቅ ከሥሩ ነጭ፣ ከጫፉ ጥቁር ሆኜ አገኘሁት። ፀጉር ቤቱ ሲከፈት እዚህ ያለችው አበሻ ፀጉር ሠሪዬ «እንቀባው?» አለችኝ። እስቲ ሹሩባ ሥሪኝ አልኳት። ብታዪው! እያንዳንዱ መስመር ከግንባሬ ነጭ ሆኖ ይነሳና ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ገብስማ ይሆናል፣ ከዚያ ማጅራቴ ላይ ጥቁር ሆኖ ያልቃል። ሥራ ቦታ ፈረንጆቹ ሆን ብዬ ያሠራሁት መስሏቸው የት እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቁኝ ጀመር። ቆይቼ ጥቁሩን ጫፍ አስቆረጥኩት። የቀረው ያየሽው ነው።

ትልቅ ምክንያት የለኝም። ሰልችቶኝ ነው። በየሦስት ሳምንቱ መቀባት፣ ሽታው፣ የትራስ ልብሱ መበላሸት፣ የራስ ቆዳዬ ማሳከክ። አንዴ ሳልቀባ ስቆይና ምንም እንዳልሆንኩ ሳይ፣ መልሶ መጀመሩ ታከተኝ።

«ሐሳብ ነው ያሸበተሽ» ያልሽውን ደግሞ እንመልከተው። ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። በ2020 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አይጦችን አስጨንቀው ፀጉራቸው ሲነጣ አሳይተዋል። ለፀጉሩ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች የሚታደሱበት ስንቅ በጭንቀት ተሟጠጠ። በሰው ላይ ግን ትልቁ ነገር ዘር ነው። የአባባን ወገን አስቢያቸው። አክስቶቻችን ገና አርባ ሳይሞላቸው አልነበር የሸበቱት? እነሱን ማን አሰደዳቸው? ከደሴ ወጥተው ኮምቦልቻ እንኳ አድረው አያውቁም።

እማዬ በስንት ዓመቷ እንደሸበተች ግን ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ሻሿን አውልቃ አይቻት አላውቅም። ለጋ ቅቤ ስትቀባ እንኳ በር ዘግታ ነው። ፀጉሯን መጀመሪያ ያየሁት አባባ ያረፈ ጊዜ ስትላጭ ነው። ሰሌኑ ላይ የወደቀው ሁሉ ጥጥ ይመስል ነበር፣ አንድ ጥቁር ዘለላ የለበትም። ለስንት ዓመት እንደዚያ ሆና እንደኖረች ማንም አልጠየቃትም። እኛ ስንማርና ቢሮ ስንገባ ሻሹን ጣልነው። ጣጣውም አብሮ መጣ። ከእሷ የበለጥን ቆንጆዎች ስለሆንን አይመስለኝም፣ ፀጉራችን ሳይሸፈን ስለሚታይ ነው።

ሸዋበር የነበሩት ጎረቤታችን ደግሞ ትዝ ይሉሻል? ለዒድ ሂናውን ማታ በውሃ ይዘፈዝፉትና ጠዋት ተቀብተው ፀሐይ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሲታጠቡ ሽበቱ ብርቱካን የመሰለ ቀይ ይሆናል፣ ጥቁሩ ትንሽ ያብረቀርቃል። ማንንም ሊሸውዱ አልነበረም። ማንም ያንን ቀለም ይዞ ተወልዶ አያውቅም! አምረው መታየት ፈልገው ነበር፣ አምረውም ይታዩ ነበር። እኔ እንደዚያ ያለውን ቀለም እስከዛሬ እወደዋለሁ።

ጋሼን እንተወው ብዬ ነበር፣ ግን አልችልም። እሱ ሲሸብት «ግርማ ሞገስ መጣለት» ተባለ። የልጃገረድ ቤት ሽማግሌ ሲላክ ሽበት ያለው ተፈልጎ ነው የሚሄደው። አሁንም ልጅሽን ሊጠይቁ የመጡትን ሦስቱን ፎቶ ላይ አይቻቸዋለሁ፣ አንዱም ጥቁር ፀጉር የለውም። ያንኑ ፀጉር እኔ ላይ ስታዪው ግን እንባሽ መጣ።

«ፈረንጅ አገር ነውር አይደለም» ብለሽ እንዳታልፊው ደግሞ። እዚህም ያው ነው። በ2022 ካናዳ ውስጥ ሊሳ ላፍላም የምትባል የታወቀች የሲቲቪ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ከ35 ዓመት አገልግሎት በኋላ ከሥራዋ ተሰናበተች። 58 ዓመቷ ነበር። እሷም እንደእኔ በኮሮና ጊዜ ነው መቀባት የተወችው። ኩባንያው ምክንያቱ ሽበቷ አይደለም አለ። ሕዝቡ ግን አላመነም፣ አገር ተንጫጫ። ቀይ ፀጉር ባላት ልጅ ምልክቱ የሚታወቀው የዌንዲስ በርገር ቤት እንኳ ካናዳ ውስጥ የልጅቷን ፀጉር ሽበት አደረገው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሕግ ከ1967 ጀምሮ አለ። ቢሆንም ሥራ ፍለጋ ከመሄዷ በፊት ቀለም የምትገዛ ሴት ሞልታለች። አትሳሳትም፣ ሥራ የሚቀጥረው ዓይን ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት አሉ፣ ዘጠና ካለፋቸው ቆይቷል። መጦሪያው ምድር ቤት ፀጉር ቤት አለው። ሐሙስ ሐሙስ በተሽከርካሪ ወንበር አወርዳቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ስሜ ይጠፋቸዋል፣ ሐሙስ ግን አይጠፋቸውም። ፀጉራቸው ሳስቶ የራስ ቆዳቸው ይታያል፣ እሱኑ ቀላ ያለ ቡናማ ያስቀቡታል። ቀለሙ ተቀብቶ ሰዓቱ እስኪደርስ እጄን ይይዙኛል። ልጃቸው ሰባ ዓመት አልፏታል። ረጅም ነጭ ፀጉሯን ትከሻዋ ላይ ለቃ ነው የምትመጣው፣ ሲያምርባት! አንድ ቀን እናትየው አዩዋትና በጣም ተቆጡ። «አንቺ ነሽ የምታስረጂኝ! ሰው አንቺን አይቶ እኔን ስንት ዓመቷ ነው ይላል?» አሏት።

ሣቄን ለመደበቅ ፎጣ ልቀይር ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ።

እትዬ፣ እንግዲህ እውነቱን እናውራ። ሰባት ዓመት ትበልጪኛለሽ። ሰፈርሽ ውስጥ ዕድሜሽን የሚያውቁት ሞተዋል ወይም አዲስ አበባ ገብተዋል። አዲሶቹ ጎረቤቶችሽ ጥቁር ፀጉርሽን አይተው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡሽ። እሰይ! እኔ ታናሽሽ ነጭ ሆኜ ስልኩ ላይ ብቅ ስል ሒሳቡ ሁሉ ተበላሸ። ያስለቀሰሽ ጉስቁልናዬ ብቻ አይመስለኝም። አትቆጪ፣ እየሣቅሁ ነው የምጽፈው።

ቀለሙን ተዪ አልልሽም። ያምርብሻል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቪዲዮው ላይ ግንባርሽና የዓይንሽ ቆብ አብጦ ነበር። «ብርድ መቶኝ ነው» አልሽ። ልጅሽ ግን ከዱባይ እህቷ የላከችውን «ጥቁር ሂና» ተቀብተሽ እንደነበር ነግራኛለች።

ስሚኝ። ጥቁር የሚባል ሂና የለም። የሂና ቅጠል የሚያወጣው ቀይ ነው፣ ብርቱካናማ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰል ያደረገሽ ዱቄት ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ሳይኖርበት አይቀርም። በአብዛኛው ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በየገበያው በላስቲክ የሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ለክቶት? ሱዳን ውስጥ ከሂና ጋር እየደባለቁት የተመረዙ ሰዎች ፊትና ጉሮሯቸው እያበጠ፣ ኩላሊታቸው እየተጎዳ ሐኪም ቤት ገብተዋል። «አሞኒያ የለውም» የሚለው ጽሑፍ አያታልልሽ፣ አሞኒያና ፒፒዲ ሌላና ሌላ ናቸው። ሰውነት ደግሞ አንዴ ከተቆጣው አይረሳም። በሚቀጥለው ጊዜ ይብሳል። እብጠቱ ጉሮሮሽ ላይ ከደረሰ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ «ይተወኛል» ብለሽ እንዳትተኚ፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

ስለ ካንሰሩም ጠይቀሽኝ ነበር። በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 46,709 ሴቶችን ተከታትሎ፣ ቋሚ ቀለም የሚቀቡ ጥቁር ሴቶች ከማይቀቡት ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል በ45 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ሴቶቹ ሁሉ ግን እህታቸው ጡት ካንሰር የያዛት ናቸው። በዓመቱ 117,200 ነርሶችን ለ36 ዓመት የተከታተለ ሌላ ጥናት ወጣና አብዛኛውን ካንሰር በተመለከተ ጭማሪ የለም አለ። ነርሶቹ ደግሞ በብዛት ነጮች ናቸው። ስለዚህ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም፣ «ምንም የለውም» ብሎ በየሳምንቱ የሚቀባም አይደለም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ከረጢት ልኬልሻለሁ። አንዱ ንጹሕ ሂና ነው፣ ዱቄቱ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ድርቆሽ ይሸታል። ሌላው ኢንዲጎ የሚባል ቅጠል ነው። መጀመሪያ ሂናውን ቀብተሽ ጥቂት ሰዓት ታቆዪውና ታጠቢው። ከዚያ ኢንዲጎውን በጥብጠሽ ሳይቆይ ቀቢው። ሁለቱ ተደርበው ጥቁር ይሰጡሻል። ጊዜ ይፈጃል፣ ምጣድ ከመጣድሽ በፊት ካልጀመርሽ አይሞከርም። እነሱንም ቢሆን አስቀድመሽ ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ጠብ አድርጊና ሁለት ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ተዪው። የዱባዩን ዱቄት ጣዪው፣ ለሠራተኛዋም እንዳትሰጫት።

ለጥር ሠርግ እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። እንደዚሁ ሆኜ ነው የምመጣው። ቦሌ ስወርድ ሰው ፊት እንዳታለቅሺብኝ። ነጭ ፀጉር ቢጫ እየሆነ ስለሚያስቸግር ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሻምፑ አለኝ፣ በእሱ ታጥቤ አምሬ እመጣለሁ። ሹሩባውን እዚያው ደሴ እሠራለሁ፣ የሠርጉ ዋዜማ ቦታ ያዢልኝ።

ሰው ሲጠይቅሽ ደግሞ «ታላቄ ናት» በያቸው። አይከፋኝም። ግን ካልሽ አይቀር በሥርዓቱ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት እቀመጣለሁ፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ የምመርቀው፣ አንቺም በሰው ፊት «እትዬ» ትዪኛለሽ። ጋሼ እንዳይስቅ አስጠንቅቂው።

የሐበሻ ቀሚሴን ጥለት ወርቃማ እንዳታስደርጊው፣ ከፀጉሬ ጋር አይሄድም። ደማቅ ሰማያዊ ይሁን። ርዝመቱን ከአምናው ላይ ይለኩት፣ ወገቡን ግን ሦስት ጣት ያስፉት። ተጎሳቆለች ላሉት ሁሉ ይሄንን ንገሪልኝ።

ታናሽሽ፣
ለሠርጉ ቀን ታላቅሽ