በጋዜጣ የተጠቀለሉት ጠርሙሶች

ለተወደድከው ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ሆነ፤ ናፍቆትህም በርትቶብኛል። አንተ የጠጁ ጌሾ መብዛቱን፣ ማሩም በስኳር መደባለቁን ከአንድ ጉንጭ የምትለይ ሰው ስለሆንህ፣ በዚህ በጀርመን አገር ልቤን ስለያዘው ነገር ከማንም አስቀድሜ ለአንተ ልጽፍ ወደድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር ተሰብስበን፣ ከሱፐርማርኬት የተገዙና ዋጋቸው ከ10 ዩሮ የማይበልጥ የወይን ጠጆችን እየቀመስን ነጥብ እንሰጣለን። የምንሻው ሰው በየዕለቱ ከራቱ ጋር የሚጠጣው ወይን ከየአገሩ ምን ዓይነት ጠባይ ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ ስለሆነ ውድ ጠርሙስ አንገዛም። ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ቁጥር ይጻፍባቸዋል፤ ሁሉም ነጥቡን በወረቀት ሳያሰፍር ማንም ስለ ቀመሰው ነገር ቃል አይናገርም።

ይህን ሥርዓት አጥብቄ የምይዘው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የወይን ጠጅ ሙያ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ነጭ ወይን ሲቀርብላቸው፣ ሽታውን ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገልጸውታል። ለዓመታት የሠለጠነ አፍንጫ እንኳ ዐይን ወደ መራው ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለው እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ በፓሪስ ባዘጋጀው ቅምሻ፣ የፈረንሳይ ዳኞች መለያውን ሳያዩ ቀምሰው በቀዩም በነጩም አንደኛነቱን ለካሊፎርኒያ ሰጡ። መለያውን አይተው ቢሆን ኖሮ ይህ ፍርድ የሚሰጥ አይመስለኝም።

ነጥባችን ከ20 ነው፤ ለመልኩ 2፣ ለሽታው 6፣ ለጣዕሙ 8፣ ከተዋጠ በኋላ በአፍ ለሚቆየውና ለጠቅላላ ሚዛኑ 4 እንሰጣለን። ሽታው ተሰብስቦ እንዲቆይ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ እንመርጣለን፤ ከሲሶውም በላይ አንሞላውም። ቀዩን ወይን ከመክፈታችን በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ በሞቀ ክፍል የዋለ ቀይ ወይን አልኮሉ አፍንጫን ስለሚመታ የፍሬው ሽታ ይሸፈናል።

ከቀዮቹ የስፔኑ ሪዮሃ ክሪያንሳ (ሪዮሃ የአካባቢው፣ ክሪያንሳ የማቆያው ደረጃ ስም ነው) በዋጋው ልክ የታመነ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በአካባቢው ደንብ መሠረት ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል ስለሚቆይ፣ ገዢው የማቆያውን ወጪና ትዕግሥት ሌላ ሰው ከፍሎለት ይጠጣል፤ 15 ሰጠሁት። በአርጀንቲና ሜንዶዛ ከሚበቅለው ማልቤክ ከተባለ የወይን ፍሬ የተሠራው ጥቁር፣ ሙሉ፣ የበሰለ ፍሬ የሚሸት ነው፤ በመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉንም ያስደስታል፣ እኔን ግን በሁለተኛው ብርጭቆ ይከብደኛል። የጣሊያኑ ኪያንቲ ብቻውን ሲቀመስ ኮምጣጣና ሻካራ ስለሆነብኝ 12 ብቻ ሰጥቼው ነበር፤ በቲማቲም ከተሠራ ምግብ ጋር ስንደግመው ግን ያው ኮምጣጣነቱ ምግቡን አነሣው፣ ሁላችንም ነጥባችንን ጨመርን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ወይን አንድ ጊዜ ለብቻው፣ አንድ ጊዜ ከምግብ ጋር እንቀምሳለን፤ ለዕለት ማዕድ የተሠራ ወይን ያለ ማዕድ ቢዳኝ ፍርዱ ጎዶሎ ነውና።

አሁን በብዙ ደስታ ወደምጽፍልህ ነገር ደረስሁ። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ በሠራች ዕለት የተጠቀለሉትን ጠርሙሶች ከእንጀራው ጋር አቀረብን። አልኮልና ታኒን (በቀይ ወይን ውስጥ ያለው አፍን የሚያደርቅ ነገር) የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያባብሱ፣ ጠንካሮቹ ቀዮች አንድ በአንድ ወደቁ። የወጡን ቃጠሎ አብርዶ ቅመሙን ጎልቶ እንዲሰማ ያደረገው አንድ ነጭ ወይን ብቻ ነበር፤ ጋዜጣው ሲገለጥ ከዚሁ ከጀርመን ሞዝል ሸለቆ የመጣ፣ ሪስሊንግ ከተባለ ፍሬ የተሠራ፣ ካቢኔት የሚሉት ቀለል ያለ ወይን ሆኖ ተገኘ። የሞዝል ወይን የሚበቅለው በቀዝቃዛ አገር፣ ገደል በሚመስል፣ በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ በሞላበት ተዳፋት ላይ ሲሆን፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን አይለቅም። ካቢኔቱ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 9 በመቶ ገደማ ነው፤ ሳይፈላ የቀረው ጥቂት ስኳርም በርበሬውን ያለዝባል። 17 ሰጠሁት፤ እስካሁን ከዚያ የበለጠ ነጥብ ለማንም አልሰጠሁም።

ታዲያ አሳቤ ወዲያው ወደ አንተ ዘንድ ሄደ። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ መጠጥ ኩባንያ በባቱ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ያለማው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሪፍት ቫሊና አካሲያ የተባሉትን የወይን ጠጆች ለገበያ እንዳቀረበ ታውቃለህ። በዚያ ምድር ተክሉን የሚያስተኛ የክረምት ውርጭ ስለሌለ፣ ተክሉ የሚያርፍበትንና የሚያፈራበትን ጊዜ ገበሬው በመግረዝ ይወስናል፤ ይህም ከሞዝል ፍጹም የተለየ የአበቃቀል መንገድ ነው። ጣፋጭነት ያለው አካሲያ ከዶሮ ወጥ ጋር ሪስሊንጉ የሠራውን ይሠራ እንደሆነ፣ ወይስ ኮምጣጣነቱ ያንሰው እንደሆነ ማወቅ እጅግ እፈልጋለሁ። እባክህ ከሁለቱ ስም አንዳንድ ጠርሙስ ግዛ፤ ሌላ ሰው ይጠቅልልልህ፣ ለብቻውና ከወጡ ጋር ቀምሰህ ነጥብህን ከነምክንያቱ ጻፍልኝ። በአንተ ምላስ ላይ ያለኝ እምነት በራሴ ላይ ካለኝ ይበልጣል።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ