ስለ ፍርድ ቤቱ ግድግዳ፦ ለሥዕል ቡድናችን አባላት

ውድ አባላት፣

እዚሁ ጅማ ለሚገኘው ፍርድ ቤት ሥዕል እንለግስ የሚለው ሐሳብ በጣም ደስ ብሎኛል። «ፍርድ ቤት ሥዕል ምን ያደርግለታል?» ላላችሁት መልስ አለኝ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት የወንጀል ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ግድግዳውም የሁላችንም ነው። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ የያዘች እናት ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር ይኑራት።

እባካችሁ፣ ሚዛንና ሰይፍ ብቻ አንሳል። የኛ የሆነ ሞልቷል፦ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሆን ባለቀለም መስታወት የአህጉሩን ታሪክ ሠርቷል። እኛን አንድ ኮሪደር አያቅተንም።

ካቴናና የሚያለቅስ ሰው ግን ይቅር። የሃይማኖት ምልክትም እንዲሁ፤ ሥዕሉ ለአንዱ ተከራካሪ ያደላ መምሰል የለበትም።

ንድፋችሁን ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ፈቃድ ሳናገኝ አንድም ሚስማር አንመታም።