ላይሰንስ የምትፈልጉ ስትራክቸራል ኢንጂነሮች መጀመሪያ የምትኖሩበትን ስቴት ህግ እወቁ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ስለሚያነበው ይሄን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ብዬ ነው። እኔ ቨርጂኒያ የምሰራ ስትራክቸራል ኢንጂነር ነኝ፣ እና ሰው ደጋግሞ ይደውልልኛል፣ የወንድሜ ልጅ በዲቪ መጣ፣ አገር ቤት ፎቅ ሲያሰራ የነበረ ልጅ ነው፣ አሁን ኡበር እየነዳ ነው ምን ይሻለዋል ይሉኛል። ልጁን ሳገኘው ደግሞ የሚነግረኝ ሁሌ አንድ ነው፣ "ፈተናው አይቻልም ብለውኛል" ይላል። ማን ነው ያለህ ስለው ቺካጎ ያለ የክፍል ጓደኛው ነው። ጓደኛው አልዋሸውም፣ ግን የነገረው የኢሊኖይን ነው፣ ልጁ የሚኖረው ሜሪላንድ!

እዚህ አገር ላይሰንስ የሚሰጠው ፌደራል መንግስት አይደለም፣ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ቦርድ አለው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ግን ኤንሲኢኢኤስ የሚባል አንድ ድርጅት ነው፣ ስለዚህ የትም ተፈተኑት ፈተናው ያው ነው፣ የሚለያየው ስቴቱ የትኛውን ፈተና ይጠይቃል የሚለው ነው። ኢሊኖይ ስትራክቸራል ኢንጂነሮችን ለብቻ ላይሰንስ ማድረግ የጀመረው በ1915 ነው፣ እስከዛሬም እዛ በተራ ፒኢ (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር በሚባለው ላይሰንስ) የህንፃ ስትራክቸር ላይ መፈረም አይቻልም፣ ኤስኢ (ስትራክቸራል ኢንጂነር) የሚባለው ከባዱ ፈተና የግድ ነው። ሃዋይም እንደዛው ነው። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ዋሺንግተን ስቴት ከ100 ጫማ በላይ ለሆነ ህንፃና ለሌሎች ትላልቅ ስራዎች ኤስኢ ይጠይቃል፣ ካሊፎርኒያ ለሆስፒታልና ለመንግስት ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ አትላንታ ያላችሁም የጆርጂያን ህግ እዩት ምክንያቱም በቅርብ አመታት ኤስኢ አምጥተዋል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ቴክሳስ ግን ፒኢ ይበቃል። አብዛኛው የኛ ሰው ያለው እኮ እነዚሁ ቦታዎች ነው!

ኤስኢ በእርግጥ ከባድ ነው። ድሮ በወረቀት ሁለት ቀን ሙሉ 16 ሰአት ነበር፣ ከ2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኖ አራት ቦታ ተከፍሏል፣ ሁለቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ጭነት ሁለቱ ስለ ንፋስና መሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች ደጋግመው የሚፈተኑት ነው። ግን ሜሪላንድ ያለ ልጅ ገና ኤፍኢ የሚባለውን የመጀመሪያውን ፈተና እንኳን ሳይፈተን ስለ ኤስኢ ሰምቶ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። መንገዱ ኤፍኢ፣ 110 ጥያቄ፣ ከዛ ፒኢ ሲቪል፣ 80 ጥያቄ በ8 ሰአት፣ እና አብዛኛውን ጊዜ ፒኢ ባለው ሰው ስር የተሰራ የአራት አመት ልምድ ነው። እንደ ቴክሳስ ያሉ ስቴቶች ልምዱ ሳይሞላ ፒኢውን መፈተን ይፈቅዳሉ።

አሁን ስለ ጥናቱ። አገር ቤት የተማረ ሰው ቲዎሪው አይከብደውም፣ ሞመንትና ሺር (የማጉበጥና የመቁረጥ ኃይል) የትም ሞመንትና ሺር ነው። የሚከብደው ኮዱና መለኪያው ነው። እኛ በ1995ቱ ኢቢሲኤስ (የኢትዮጵያ የህንፃ ኮድ) የተማርን ሰዎች ቋሚ ጭነቱን፣ ማለትም የህንፃውን የራሱን ክብደት፣ በ1.3፣ ላይቩን፣ ማለትም የሰውና የእቃውን ጭነት፣ በ1.6 ስናባዛ ነው የኖርነው፣ አዲሶቹ ልጆች ደግሞ የአውሮፓውን ነው የተማሩት፣ እዚህ 1.2 እና 1.6 ነው። ኮንክሪቱን እዩት፣ እኛ ሲ 25 ስንል በኪዩብ ተጨፍልቆ ነው፣ ኤሲአይ 318 የሚባለው የአሜሪካ የኮንክሪት ኮድ ግን የሚያወራው ስለ ሲሊንደር ነው፣ ስለዚህ የኛ ሲ 25 እዚህ 20 ሜጋፓስካል አካባቢ ማለትም ወደ 2,900 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። ፌሮውም በሚሊሜትር አይጠራም፣ ቁጥር 5 ማለት ስምንት ላይ አምስት ኢንች ነው፣ የኛ ባለ 16ቱ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ለአንድ ጥያቄ ስድስት ደቂቃ ባላችሁበት ፈተና ኪፕን (የሺህ ፓውንድ ኃይል) ወደ ኪሎኒውተን እየቀየራችሁ ከቆያችሁ ጊዜው አለቀ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በኪፕና በጫማ አስቡ፣ አትቀይሩ። እንጨት ደግሞ አገር ቤት ብዙም አይተኮርበትም፣ እዚህ ቤቱ ሁሉ በእንጨት ነው የሚሰራው፣ እሱን እንደ አዲስ መማር ያስፈልጋል። መፅሀፍም ማስታወሻም ይዞ መግባት ስለማይቻል ኤንሲኢኢኤስ ዌብሳይቱ ላይ በነፃ የሚያወጣውን ሀንድቡክ አውርዳችሁ በሱና ፈተናው ላይ ስክሪን ላይ በሚቀርቡት ኮዶች ተለማመዱ፣ ካልኩሌተርም የተፈቀደ ዝርዝር አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የለመድናት ካሲዮ 991 ትገባለች።

ብዙ ልጆች አመታት የሚበላባቸው ግን ፈተናው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የውጭ ዲግሪ ስለሆነ ብዙ ስቴቶች ያስገመግማሉ፣ ለዛ ደግሞ ትራንስክሪፕቱ ከሬጂስትራር በቀጥታ መላክ አለበት፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይሰራም። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ልጅ ኦፊሻሉ አይሰጠውም፣ እዚህ ሆኖ ውክልና ልኮ እህቱን ቢሮ ለቢሮ ያንከራትታል። ስለዚህ ገና አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ኮስት ሼሪንጉን ጨርሳችሁ ውጡ፣ ከአለቆቻችሁም የሰራችሁትን ህንፃ፣ ስንት ፎቅ እንደሆነና የናንተ ድርሻ ምን እንደነበር በዝርዝር የሚገልፅ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አፅፉ፣ ኢሜልና ስልካቸውንም ያዙ፣ ከአምስት አመት በኋላ ድርጅቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አንዱ ስቴት ላይ ካወጣችሁ በኋላ ሌላ ስቴት መሄድ ቀላል ነው ግን በራሱ አይሻገርም። ኤንሲኢኢኤስ ሪከርድ የሚባል አለ፣ ትምህርቱን ፈተናውን ልምዱን አንዴ ያስገባሉ፣ ከዛ ለፈለጋችሁት ቦርድ ይልክላችኋል፣ ክፍያና እድሳቱ ግን በየስቴቱ ነው። ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ደግሞ ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ሰርቬይንግ ሁለት ተጨማሪ ፈተና እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፣ ለሲቪል ላይሰንስ ሁሉም ይፈተናዋል።

ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ለምን የሚል አለ። በ1981 ካንሳስ ሲቲ ሀያት ሬጀንሲ ሆቴል ውስጥ ተንጠልጣይ መተላለፊያዎቹ ወድቀው 114 ሰው ሞቷል፣ ምክንያቱ ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርደው አንድ ረጅም ብረት ለስራ እንዲመች ተብሎ ለሁለት በመቆረጡ የላይኛው መተላለፊያ ማያያዣ ላይ ጭነቱ እጥፍ ስለሆነ ነው፣ ኢንጂነሮቹም የሚዙሪ ላይሰንሳቸውን ተነጠቁ። ኢንጂነር ፕላን ላይ የሚያሳርፈው ማህተም ማለት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ጠንክረው ቢጠይቁን አልቃወምም።

የምቃወመው የኛን ዝምታ ነው። ፒኢ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቦርዱ ምስክር የሚፈልገው የልጁን ስራ ከሚያውቅ ፒኢ ነው፣ ስራውን ሳታዩ መፈረም አይቻልም፣ ስለዚህ መስሪያ ቤታችሁ ሪቪት ወይ ኦቶካድ በሚባሉት የፕላን መስሪያ ሶፍትዌሮች የሚሰራ ሰው ሲፈልግ መጀመሪያ ለነዚህ ልጆች ንገሩ፣ ደሞዙ ከኡበር ቢያንስም እንኳን በናንተ ስር የሰሩት እያንዳንዱ አመት ይቆጠርላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ስትራክቸራል ኢንጂነር፣ ከቨርጂኒያ