ልጄና ታንኳው

ሰላም ናችሁ የሰፈሬ ልጆች? ትናንት ልጄን ይዤ ጣና ዳር ወረድኩ። እኛ በሱ ዕድሜ ከትምህርት ቤት ፎርፈን ስንዋኝ ያየች ጎረቤት ገርፋ ትሰደናለች፣ ቤት ስንገባ ደግሞ እናታችን ትደግመናለች፤ ወሬው ቀድሞን ይደርስ ነበራ! የኔው ልጅ የጎረቤታችንን ስም እንኳ አያውቅም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣ የደንገል ታንኳ አሳየሁት። ሥሩ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል። «አባዬ፣ ይሄ አይሰምጥም?» አለኝ ስልኩን ደግኖ። በ2016 የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግን መብራቱ ሳይቀር አብጠርጥሮ ያውቀዋል። አልፈርድበትም፣ እኔም ማታ ማታ የምሸራሸረው እዛው ነው። ለማንኛውም እሁድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቡናው እኛ ቤት ነው።