መድኃኒቱ ከመቆሙ በፊት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ እርግዝናና ስለ ሚጥል በሽታ ሲጻፍ መድኃኒቶቹ ሁሉ በአንድ ሚዛን መቀመጣቸው ያሳስበናል። ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ መድቦ መድኃኒት መሞከር ስለማይገባ ማስረጃው የሚመጣው ከእርግዝና መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአውሮፓ የተጀመረው ዩራፕ የተባለው መዝገብ እናቶችን የሚመዘግበው የፅንሱ ሁኔታ ሳይታወቅ፣ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ነው፤ ከወሊድ በኋላ ቢሆን ችግር የገጠማቸው ስለሚበዙ ቁጥሩ ይዛባል። ሕፃኑንም እስከ 1 ዓመቱ ይከታተላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ውጤት ከባድ የአካል ጉድለት የታየው ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ቫልፕሮኤትን ከወሰዱት እናቶች እርግዝና በ10.3፣ በፌኖባርቢታል በ6.5፣ በላሞትሪጂን በ2.9፣ በሌቬቲራሲታም በ2.8 በመቶው ነው። መጠኑም ይወስናል፤ በቀን ከ1450 ሚሊግራም በላይ ቫልፕሮኤት አደጋውን ወደ 25 በመቶ ያደርሰዋል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታልም መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱ ይጨምራል።

የፅንሱ የነርቭ ቱቦ (በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው) ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙዎች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ መድኃኒት መቀየርም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መጀመርም ከእርግዝና በፊት ይሁን። ያረገዘች ሴት ግን ሐኪሟን ሳታማክር መድኃኒቷን በፍጹም አታቋርጥ፤ የማያባራ የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ እሷንም ፅንሱንም ሊገድል ይችላል።

የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች