«ምን ይሸትሃል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁልን

ታናሽ ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። እግዚአብሔር ይመስገን። በእነዚያ ክፉ ሳምንታት ከጎናችን ላልጠፋችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው እሱ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው።

ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። የሌለ ድምፅ እንደሚሰማው ድሮም እናውቃለን። የሽታው ነገር ግን ዱብ ዕዳ ሆነብን። አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ አድርጎ «ይሄ ተበላሽቷል» አለ። አሸተትኩት፤ ምንም አልሆነም። እያደር ሁሉም ነገር መርዝ መርዝ ይሸተው ጀመር፣ ውሃው ሳይቀር። እኔ ደግሞ «ምንም አይሸትም፣ ብላ!» እያልኩ እቆጣው ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሲስተር፣ እርስዎ አልተከራከሩትም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና «ምን ይሸትሃል? መቼ ነው የሚብስብህ?» አሉት። ስለሚሰማው ድምፅ ያልጠየቀው የለም፤ ስለ ሽታው ግን ከእርስዎ በፊት የጠየቀው አልነበረም። የሌለ ሽታ መሽተት የህመሙ ምልክት ሊሆን እንደሚችል፣ ለእሱ ግን እውነተኛ ሽታ እንደሆነ ያስረዱን እርስዎ ነዎት። በዚያች ሌሊት ነው በስንት ጊዜው ያለቀሰው።

ዶክተር፣ የሚጥል በሽታም እንዲህ ያለ ሽታ ሊያመጣ ይችላል ብለው አንጎሉን ስላስመረመሩልን እናመሰግናለን። ዓይኑን ጨፍኖ ያሸተተባት ቀን አትረሳኝም። ሎሚ፣ ሳሙና፣ ቡና። ሦስቱም ሸተውታል። ሎሚውን ግን «ሳሙና» አለ፤ ቡናውን «የተቃጠለ ነገር»። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሽታው ቢደርሳቸውም ምን እንደሆነ መለየት እንደሚቸግራቸው፣ ችግሩንም ራሳቸው ላያውቁት እንደሚችሉ የሰማነው ያኔ ነው። እየተፋቀ የሚሸተት፣ 40 ሽታዎች ያሉት መፈተኛ ሁሉ አለ ለካ! ድስቱ አርሮ ሲጨስ ዝም ብሎ በመቀመጡ ስንት ጊዜ ሰነፍ ብለነዋል።

ጎረቤታችን፣ እኔ መላው በጠፋኝ ሰዓት ያልተላጠ ሙዝና ቅርፊቱ ያልተነካ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መጡ። «ራሱ ልጦ ይብላ» አሉ። በላ። ያቺን ሙዝ በዕድሜ ልኬ አልረሳትም።

አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ነው። ኩሽና ውስጥ ጭስ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ አስገጥመናል። ሽታው አልፎ አልፎ ይመለሳል። ሲመለስ ግን አይደብቀኝም፤ «ያ ሽታ መጣ» ይለኛል። እኔም ሥራዬን ትቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ «ምን ይሸትሃል?» እለዋለሁ።

እህቱ