የደራሲው ብር የኪራይ ብር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን «አንባቢ ጠፋ፣ መጽሐፍ ቤት የሚዘጋውም ለዚህ ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተዋጠልኝም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ 12 ካሬ የምትሆን መጽሐፍ ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመት አዟሪ ነበርኩ። ከብሔራዊ ቲያትር እስከ ስታዲየም፣ ካፌ ለካፌ፣ ከሆዴ እስከ አገጬ መጽሐፍ ደርድሬ ታቅፌ ነበር የምዞረው። ሰው ማኪያቶውን እያማሰለ ከመሐል አንዱን ይመዛል፣ ገልብጦ የጀርባውን ዋጋ ያያል፣ አንድ ሁለት አንቀጽ ያነባል፣ ከዚያ ወይ ይገዛል ወይ ይመልሳል። አንባቢ አለ የለም የሚለውን በእግሬ ነው የማውቀው። አለ።

የሰፈራችንን የጥበቃ ሠራተኛ ላንሳ። ሱቄ ውስጥ አንድ መደርደሪያ የኪራይ መጽሐፍ አለ፤ ከለገሃርና ከመርካቶ የለቃቀምኳቸው አሮጌ ልብ ወለዶችና የታሪክ መጻሕፍት ናቸው። ተከራዩ የመጽሐፉን ዋጋ ያስይዛል፣ በቀን ትንሽ ይከፍላል፣ ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል። ድሮ በየሰፈሩ የነበረ አሠራር ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ያነበብኩት እንደዚያ ነው። ጥበቃው የሌሊት ተረኛ ሲሆኑ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በሦስት ሌሊት ይጨርሳሉ። ሽፋኑ እንዳይቆሽሽ በጋዜጣ ለብጠው ነው የሚይዙት፣ ሲመልሱልኝ ልባጩን አውልቀው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፣ ለሚቀጥለው መጽሐፍ። ከእሳቸው መያዣ መቀበል ከተውኩ ቆየሁ።

ታዲያ መጽሐፍ ቤት ለምን ይዘጋል? ሌላው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ያየሁትን፣ በራሴም የደረሰውን ልናገር። ብዙዎቻችን የምንወድቀው የሰው ገንዘብ አያያዝ ላይ ነው።

እኛ አገር ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ኪስ ነው። ካለው ቆጥቦ፣ ከጎደለው ተበድሮ፣ ማተሚያ ቤት ከፍሎ ያወጣዋል። ከዚያ ለመጽሐፍ ቤት በአደራ ያስቀምጣል፤ ሲሸጥ ድርሻችንን ይዘን የቀረውን እናስረክበዋለን። እንበል የጀርባ ዋጋው 400 ብር ነው፣ የእኔ ድርሻ ደግሞ 30 በመቶ። ከአንድ መጽሐፍ 120 ብር የእኔ፣ 280 ብር የደራሲው ነው ማለት ነው። በቀን አሥር ብሸጥ ማታ መሳቢያዬ ውስጥ 4,000 ብር አለ። ዓይን የሚያየው 4,000 ነው። የእኔ ግን 1,200 ብቻ ናት፣ እሷም ኪራይ፣ መብራትና ግብር ይጠብቋታል። ወር ሲሞላ አከራይ ይመጣል፣ ደራሲው ግን ክፍለ ሀገር ነው፣ ወይ ይሉኝታ ይዞት አይደውልም። መሳቢያው ሲከፈት የማን ብር ቀድሞ እንደሚወጣ መገመት አያቅትም።

እኔም አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ዓመቴ አከራዬ በአንድ ጊዜ ኪራዩን ከፍ አደረገብኝ። የኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳነበው የመኖሪያ ቤት ኪራይን ብቻ ነው የሚመለከተው፣ ሱቅን አይነካም። ስለዚህ ከፈልኩ። የከፈልኩት የሦስት ደራሲዎችን ብር ነው።

ከሦስቱ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ሃያ ኮፒ አስረክበውኝ አሥራ አራቱ ተሸጧል። መጡ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። ከሳምንት በኋላ መጡ፣ ደገምኩላቸው። እንዲህ እያልኩ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በአራተኛው ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልተናገሩም። «የቀሩትን ልውሰድ ልጄ» አሉኝ። ስድስቱን መጽሐፍ ራሳቸው ከመደርደሪያው አወረዱ፣ አቧራውን በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው አስረው ወጡ። ሲባጎውን ይዘው የመጡት ከቤት ነው። ብሩን የከፈልኳቸው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለተኛ መጽሐፋቸው ሲወጣ ሌላ መጽሐፍ ቤት መስታወት ላይ አየሁት። ለእኔ አላመጡትም፤ ልክ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። የደራሲዎች ብቻ የሆነ የባንክ ሒሳብ ከፈትኩ። ሁልጊዜ ማታ ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን የእነሱን ድርሻ በስልኬ እዚያ አስገባለሁ፣ ሰላሳ ብርም ትሁን። ለእያንዳንዱ ደራሲ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ አለው፤ የተረከብኩት፣ የተሸጠው፣ የቀረው፣ የከፈልኩበት ቀን። በየወሩ እኔ ነኝ የምደውለው። ሁለት ኮፒ ብቻ ተሸጦ ስደውል አንዳንዱ ደራሲ ይደነግጣል፣ ማን ደውሎለት ያውቃል! አሁን አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ ካሉበት ሳልጠይቅ አምጥተው የሚያስቀምጡልኝ ብዙ ናቸው። ለአዲስ ጀማሪ ይሄ ከብር በላይ ነው፤ መደርደሪያህን የሚሞላልህ ካፒታልህ ሳይሆን የሰው እምነት ነው።

ኪራዩን የሚከፍለው ምንድነው ለምትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደብተርና ፎቶ ኮፒ ነው። መስከረም ላይ የምሸጠው ደብተር የክረምቱን ጭርታ ያካክሳል። ፎቶ ኮፒ ካላችሁ ግን አንድ ነገር መወሰን አለባችሁ፤ ሙሉ መጽሐፍ አንሡልኝ የሚል ይመጣል፣ በየቴሌግራሙ የተበተነውን ፒዲኤፍ አትሙልኝ የሚልም ይመጣል። እኔ አላነሣም። የቅጂ መብት አዋጁ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ደራሲው እስካለ ድረስና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ማታ ማታ ብሩን የማስገባለትን ሰው ጠዋት መዝረፍ አልችልም።

የዋጋው ነገር ደግሞ አለ። ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ፣ መጽሐፍም አብሮ ወጣ። ጀርባው ላይ የታተመው ዋጋ ላይ ተለጣፊ ወረቀት እየተለጠፈ አዲስ ዋጋ ይጻፍበታል። ደንበኛ ተለጣፊውን በጥፍሩ ፍቆ የድሮውን ዋጋ ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። በዚያ ሰዓት ሌባ የመሰልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በራሴ ብር አስቀድሜ የገዛኋቸውን በድሮው ዋጋ ነው የምሸጠው። በአደራ ያሉትን ዋጋ የሚቆርጠው ደራሲው ነው፣ እሱንም ለደንበኛው ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የተረዳ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ መጽሐፍ ወጣ ብላችሁ ስትጽፉ ዋጋውንና የት እንደሚገኝ ጨምሩበት። የምረቃውን የክብር እንግዳ ስም ትጽፋላችሁ፣ አንባቢው ግን ወዴት ይሂድ? ብዙ ሰው ጋዜጣችሁን ቆርጦ ይዞ እየመጣ «ይሄ አለህ?» ይለኛል፤ የሌለኝ ጊዜ የት ብዬ እንደምልከው አላውቅም። ስለ ሱቅ ኪራይም ጻፉ፣ የሚመለከተው አካል ካነበበው ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለልብስ ሰፊውም ለፀጉር ቤቱም ይደርሳል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ አገሬ ገብቼ መጽሐፍ ቤት ልከፍት ነው፣ ስንት ብር ይበቃኛል?» አለችኝ። ሲባጎ ይዘው ስለመጡት መምህር ነገርኳት። ከዚያ መዝገቤን አውጥቼ አንድ ከሰዓት ሙሉ አሠራሩን አሳየኋት፣ ባዶ መዝገብም ከእኔ ገዛች። ለደራሲዎቼ ደውዬ ስለሷ ነግሬያቸዋለሁ፤ አሥራ አንዱ መጽሐፍ እንልክላታለን ብለዋል። ጥቅምት ላይ ትከፍታለች።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መጽሐፍ ሻጭ፣ ከጀሞ